ከሴሚናር በኋላ ለምን እንቀዘቅዛለን?

ጥያቄ፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ዘጠኝ የስብዕና ግንባታ ሴሚናሮችን ተካፍያለሁ። ከእያንዳንዱ የምወጣው እሳት ሆኜ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት በማለዳ እነሳለሁ፣ ዕቅድ አወጣለሁ፤ ከዚያ ወደ ነበርኩበት እመለሳለሁ። ሦስት ደብተር ሙሉ ማስታወሻ አለኝ፤ አንዱንም መልሼ ገልጬ አላውቅም። በሥራዬ ላይ ሪፖርት ማስረከቢያ በደረሰ ቁጥር ዛሬም ሌሊቱን ሳልተኛ ነው የማድረው። በሚቀጥለው ወር በጊዜ አጠቃቀም ላይ የሁለት ቀን ሴሚናር አለ፤ ቀብድ ከፍያለሁ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ከሄድኩስ ምን ባደርግ ነው የሚጠቅመኝ? ሰው መሐል መጠየቅ ያሳፍረኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ቀጣዩን ደረጃ ዛሬ የተመዘገበ በቅናሽ» ሲባል እምቢ ማለት ያቅተኛል።

ከዘጠኝ በኋላ ያመነታሁ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ይሂዱ፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። እስከ መጪው እሑድ ድረስ ከዚህ ሴሚናር የሚፈልጉትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻሉ ይሂዱ። ካልቻሉ ቀብዱን ይርሱት። የተከፈለ ገንዘብ ሄዱም ቀሩም አይመለስም፤ ስለ ቀብዱ ብለው ሁለት ቀን መጨመር ኪሳራውን ያሰፋዋል እንጂ አያካክሰውም።

ዓረፍተ ነገሩ ግን እንደ ሴሚናር ማስታወቂያ መሆን የለበትም። «ጊዜዬን በአግባቡ መጠቀም እፈልጋለሁ» ምንም አይረዳዎትም፤ መሳካቱን በምን ያውቃሉ? «ሪፖርቴን ከማስረከቢያው ሦስት ቀን ቀድሜ መጀመር እፈልጋለሁ» የሚለው ግን ቀን አለው፣ ሥራ አለው፣ ይቆጠራል። ደብዳቤዎ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። እንግዲህ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ይቁጠሩ፦ ካለፉት አምስት ሪፖርቶች ስንቱን በመጨረሻው ሌሊት ጻፉ? የፋይሎቹን ቀንና ሰዓት ኮምፒውተሩ ይነግርዎታል። ያ ቁጥር በኋላ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሴሚናር የሚይዙት ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩት።

በዚያው ቀን አንድ ሰዓት ወስደው ሦስቱን ደብተሮች ያገላብጡ። ማንበብ አይጠበቅብዎትም፤ ሪፖርትን አስቀድሞ ስለ መጀመር የሚነካ ነገር ብቻ ይፈልጉ። ከዘጠኝ ሴሚናር በኋላ አንድም ምክር አለማግኘት ይከብዳል። ሞክረውት የማያውቁት ምክር እዚያ ከተገኘ የጎደለዎት ትምህርት አይደለም ማለት ነው። ያን ምክር ከዛሬ ጀምሮ ቢሠሩበት አሥረኛው ሴሚናር ላያስፈልግዎ ይችላል። ይህን የምንለው ሴሚናር ጠልተን አይደለም፤ ዘጠኙን ያዘጋጁት ሰዎች ግን ይህን እንደማይነግሩዎት እናውቃለን።

አሁን ስለ መቀዝቀዙ። አዳራሽ ውስጥ የሚሰማዎት ሙቀት እውነተኛ ነው፤ ግን ምንጩ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ አይደለም። ሙዚቃው፣ ጭብጨባው፣ አብሮ የሚነሳው ሕዝብ፣ ከሥራና ከቤት ጣጣ ለሁለት ቀን መራቁ ተደምረው የሚፈጥሩት ነው። እነዚህ ሁሉ ከአዳራሹ አብረውዎት አይወጡም። የሥራ ስልጠናን በመመዘን የሚታወቀው አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው አከፋፈል አራት ደረጃ አለው፦ ተሳታፊው ወደደው ወይ? ተማረበት ወይ? ሥራው ላይ አዋለው ወይ? ውጤቱ ተለወጠ ወይ? በር ላይ የሚሰጥዎት የአስተያየት ቅጽ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርገው ሲወጡ እርስዎም ሴሚናሩን የለኩት በዚያችው ነው። ዋናዎቹ ሦስተኛውና አራተኛው ሲሆኑ፣ እነሱ የሚለኩት ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ጠረጴዛዎ ላይ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሴሚናሩ በፊት ነው። አዘጋጆቹን ደውለው ዝርዝር መርሐ ግብሩን ይጠይቁ። ከጠቅላላው ሰዓት ምን ያህሉ ተሳታፊዎች ራሳቸው የሚሠሩበት እንደሆነ ይመልከቱ። ሁለት ቀን ማለት ዕረፍቱ ሲቀነስ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 4 ሰዓት ያህሉ ልምምድ ካልሆነ የተከፈለው ለአነቃቂ ንግግር ነው። አነቃቂ ንግግር ደግሞ በነጻ ሞልቷል። የተሳታፊውን ብዛትም ይጠይቁ፤ ከ30 ወይም ከ40 ሰው በላይ ከሆነ አሰልጣኙ የእርስዎን ወረቀት አይቶ «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» የሚልበት ጊዜ አይኖረውም። ይህ ማለት ይቅርብዎ ማለት አይደለም፤ እርማቱን ከሌላ ሰው ማግኘት እንዳለብዎ አውቀው ይሂዱ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ዝግጅት ግን ሌላ ነው፦ የሴሚናሩ ማግስት። ሁለት ቀን ከሥራ የቀረ ሰው ሲመለስ የሚጠብቀው የተከመረ ኢሜይልና ያመለጡ ስልኮች ናቸው። አዲሱ ነገር የሚሞተው እዚያ ነው። ስለዚህ ገና ሳይሄዱ፣ ሴሚናሩ ካበቃ በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ የሁለት ሰዓት ክፍተት የቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይዝጉ፤ ከአለቃዎም ጋር ይነጋገሩበት። ያን ክፍተት ማግኘት ካልቻሉ የሴሚናሩን ሁለተኛ ቀን ከሰዓት ቀርተው ለዚሁ ቢያውሉት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ያ ክፍለ ጊዜ የሚውለው ለምስክር ወረቀት፣ ለፎቶና ለሽያጭ ነው።

ወደ ማስታወሻ እንምጣ፤ የሦስት ደብተር ጉዳይ ስለሆነ። ማስታወሻ የማይጠቅመው ስለሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በላፕቶፕ የሚጽፉ ተማሪዎች የመምህሩን ቃል እንዳለ የመገልበጥ ዝንባሌ እንዳላቸውና ማሰብ የሚጠይቁ ጥያቄዎች ላይ በእጅ ከጻፉት እንዳነሱ አሳይተዋል። ጥናቱን የደገሙ ሌሎች ልዩነቱን ያን ያህል ጎልቶ አላገኙትም። ስለዚህ በብዕርም በላፕቶፕም ቢጽፉ አንጨቃጨቅም፤ ቃል በቃል መገልበጡን ግን ይተዉት። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ አሰልጣኙ ያለውን በራስዎ ቃል መልሰው ማለት ካልቻሉ ገና የእርስዎ አልሆነም። ስላይዱንም በስልክ ፎቶ አያንሱ። አዘጋጆቹ ይልኩልዎታል፤ ባይልኩም የስልክዎ ውስጥ ፎቶ ተመልሶ አይታይም።

ገጹን እንዲህ ይክፈሉት። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ዋልተር ፖክ ለተማሪዎች ያስተዋወቀው አከፋፈል አለ፦ በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠባብ ዓምድ፣ በቀኝ ሰፊው የማስታወሻ ቦታ፣ ከታች አምስት ሴንቲ ሜትር ለማጠቃለያ። በመጀመሪያው አሠራር የግራው ዓምድ ለጥያቄና ለቁልፍ ቃል ነው። ለሴሚናር ግን በጥቂቱ ቢቀይሩት እንመክራለን፦ ግራው ላይ የሚገባው እርስዎ የሚሠሩት ሥራ ብቻ ይሁን፣ በግስ የሚያልቅ። «ትኩረት» ብለው አይጻፉ፤ «ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ» ብለው ይጻፉ። ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ግራው ባዶ ከሆነ የሰሙት ነገር አስደስቶዎታል እንጂ የሚሠራ ነገር አልሰጠዎትም፤ ለመጠየቅ ምልክቱ ይኸው ነው።

በየዕረፍቱ ከመነሳትዎ በፊት ደብተሩን ዘግተው በባዶ ወረቀት ላይ ካለፈው ክፍለ ጊዜ የሚያስታውሱትን ሦስት ነጥብ ይጻፉ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ይከብዳል፣ ያናድዳል፣ «ገብቶኝ ነበር እኮ» ያስብላል። የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡና አንዴ አንብበው ከዚያ በቃላቸው ለመጻፍ የታገሉ ተማሪዎች ተወዳድረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የታገሉት በለጡ። ከአዳራሽ ሲወጡ «ሁሉንም ይዤዋለሁ» የሚያሰኘው ስሜት የአምስት ደቂቃው ዕውቀት ነው።

ልምምድ ሲሰጥ ደግሞ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። «ያለባችሁን አንድ ችግር ጻፉ» ሲባል ሰው በጎረቤቱ ፊት ላለማፈር ቀላልና ንጹሕ ችግር ይመርጣል፤ «ብዙ ውሃ አልጠጣም» ዓይነት። ዘዴው በቀላሉ ይሠራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ እውነተኛው ችግር ግን ሳይነካ ቤት ይመለሳል። እርስዎ ሪፖርቱን ያውጡ። ለሰው ማንበብ ካልፈለጉ አያንብቡ፤ ወረቀቱ ላይ ግን እሱ ይሁን። ዘዴው በሪፖርቱ ላይ አልሠራ ካለ፣ ይህን ለማወቅ ከሁሉ የተሻለው ቦታ አሰልጣኙ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለበት አዳራሽ ነው።

በሰው ፊት መጠየቅ ካሳፈረዎ አይጠይቁ፤ ግዴታ የለብዎትም። ጥያቄውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው በዕረፍት ሰዓት ይቅረቡ። ቀድመው ያዘጋጁት፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ የእኔ ሁኔታ ይህ ነው፤ እርስዎ ይህን ብለዋል፤ እዚህ ጋ ሲደርስ ይሰናከልብኛል፣ ምን ላድርግ? ረጅም ታሪክ ከተረኩ የሚመለስልዎ ማጽናኛ እንጂ መፍትሔ አይደለም። አንድ ተጨማሪ ጥያቄም ይያዙ፦ «ይህ ዘዴ የማይሠራው ለማን ነው?» ሥራውን የሚያውቅ አሰልጣኝ ወዲያው ሁለት ሦስት ሁኔታ ይጠራል። «ከልቡ ለፈለገ ለሁሉም ይሠራል» የሚል መልስ ከሰሙ ግን ባይሳካ ጥፋቱ የእርስዎ እንደሚሆን ከወዲሁ ተነግሮዎታል።

በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ሰው ይምረጡ። አሥር አይደለም፣ አንድ። ጉዳዩ ከእርስዎ ጋር የሚቀራረብ፣ ቁም ነገረኛ የሚመስል ሰው። ሁለት የስልክ ቀጠሮ ይያዙ፣ አንዱ በሰባተኛው ቀን፣ ሌላው በሠላሳኛው፣ እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ፤ ሰዓቱንም እዚያው ሁለታችሁም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሴሚናሩ የሚከፍተውን የቴሌግራም ግሩፕ አይተማመኑበት። በመጀመሪያው ሳምንት የምስጋና መልእክት፣ በሁለተኛው የበዓል መልካም ምኞት፣ ከዚያ ማስታወቂያ ነው። መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ የእርስዎን ሪፖርት የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው ቀን ማታ፣ ከመተኛትዎ በፊት 20 ደቂቃ ይቀመጡ። የግራውን ዓምድ ከሁሉም ገጽ ሰብስበው አንድ ወረቀት ላይ ይዘርዝሩ። ሃያ ሠላሳ ነገር ይሆናል። ከዚያ ሁሉንም ሰርዘው አንድ ያስቀሩ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚያምፀው፤ «ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ?» እርስዎም ዘጠኝ ጊዜ የወደቁት እዚህ ላይ ይመስለናል፦ በማለዳ መነሳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ምናልባትም ስፖርትና ንባብ፣ ሁሉም በአንድ ሰኞ። አንዱ ሲጎድል ሁሉም አብሮ ይወድቃል። የሚያስቀሩት አንድ ነገር በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀመር የሚችል፣ በአንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ፣ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅና መጀመሪያ ከጻፉት ዓረፍተ ነገር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ይሁን። የተሰረዙትን አይጣሏቸው፤ ወረፋ ይጠብቁ።

የቀረውን አንድ ነገር ደግሞ በ«ይህ ሲሆን፣ ይህን አደርጋለሁ» መልክ ይጻፉት። ይህን አጻጻፍ ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር የ94 ሙከራዎችን ውጤት አሰባስቦ ሲያይ፣ መቼና የት እንደሚሠሩ አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች እንዲሁ ሐሳብ ብቻ ካላቸው ይልቅ ግባቸው ላይ የመድረስ ዕድላቸው ጉልህ በሆነ መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለእርስዎ ለምሳሌ፦ «የሪፖርት ጥያቄ በደረሰኝ ቀን፣ ከምሳ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ፣ ኢሜይል ከመክፈቴ በፊት ለ15 ደቂቃ የሪፖርቱን ንዑስ ርዕሶችና የጎደሉኝን መረጃዎች እጽፋለሁ።»

ይህ ሲበላሽ የሚበላሽበት መንገድ ይታወቃል። አንደኛው፣ «ሲሆን» የሚለው ክፍል ሲደበዝዝ ነው፤ «ጠዋት ጠዋት» ሰዓት አይደለም፣ «ጊዜ ሳገኝ» ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚነካው ነገር ይሁን፦ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ኮምፒውተር መክፈት፣ በር መዝጋት። ሁለተኛው፣ ሥራው ሲተልቅ ነው። «ሪፖርቱን እጀምራለሁ» ካሉ አእምሮዎ የሚያየው ሙሉውን ሪፖርት ነውና ይሸሻል፤ ንዑስ ርዕስ መጻፍ ግን አያስፈራም። ሦስተኛው፣ መሰናክሉ ሳይታሰብ ሲቀር ነው። አለቃዎ ከምሳ በኋላ የመጥራት ልማድ ካላቸው ያንንም ይጻፉት፦ «ከተጠራሁ፣ ስመለስ ሌላ ነገር ሳልነካ 15 ደቂቃዋን እጀምራለሁ።»

«ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል» ላሉትም መልስ አለ። ሴሚናር ላይ «ልማድ በ21 ቀን ይገነባል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት እንዲህ አይልም። አንድ ድርጊት ያለ ብዙ ማሰብ ወደሚሠራበት ደረጃ ለመድረስ የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ እንደ ሰዉና እንደ ድርጊቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። ስለዚህ በአሥራ አምስተኛው ቀን አሁንም ትግል መሆኑ የመክሸፍ ምልክት አይደለም፤ ገና መንገድ ላይ ነዎት። ያው ጥናት ሌላም ጠቃሚ ነገር አሳይቷል፦ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል አልጎዳውም። አንድ ቀን ስተው «ተበላሸ» ብለው ሁሉንም መተው ግን ይጎዳል።

ማስታወሻውን ደግሞ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ30ኛው ቀን ለአሥር ደቂቃ ይመለሱበት። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ መጀመሪያ በባዶ ወረቀት የሚያስታውሱትን ይጻፉ፣ ከዚያ ብቻ ደብተሩን ገልጠው ያስተያዩ።

ስለ «ዛሬ ብቻ በቅናሽ»። ይህ የሚነገረው በሁለተኛው ቀን መጨረሻ፣ ስሜቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። እዚያች ሰዓት ላይ እምቢ የማለት ጥንካሬ ከራስዎ አይጠብቁ፤ አስቀድመው መንገዱን ይዝጉት። የባንክ ካርድዎን ቤት ይተዉት፣ በስልክ የሚከፍሉ ከሆነም የዕለት ገደቡን ከመሄድዎ በፊት ዝቅ ያድርጉት። ለሚጠይቅዎ ሰው አንድ መልስ ይበቃል፦ «ከሦስት ቀን በፊት አልወስንም፤ ዋጋውንና ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ በጽሑፍ ይላኩልኝ።» ምክንያት አይጨምሩ፤ ምክንያት በሰጡ ቁጥር ማፍረሻው ተዘጋጅቷል። በጽሑፍ አንልክም ካሉ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ከሽያጭም የከፋ አለ። ተሳታፊን በሕዝብ ፊት የሚያዋርድ፣ በር ዘግቶ መውጣት የሚከለክል፣ የሚጠራጠሩ ዘመዶችዎን ይራቁ የሚል ወይም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ይተዉ የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመዎት ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ፤ የከፈሉት ይቅር። እንቅልፍ ማጣቱ ከሪፖርት ሌሊቶች ውጭም ካለ፣ ወይም ለሳምንታት የማይለቅ ድባቴ ካለብዎ ደግሞ መሄድ ያለብዎት ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ሴሚናር ለዚያ አልተሠራም።

በስልክ ቀጠሮው ላይ «እንዴት ነው?» አትባባሉ፤ «ደህና ነው» ተብሎ ያልቃል። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አደረግኸው? ያላደረግህበት ቀን ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። በሠላሳኛው ቀን ከሴሚናሩ በኋላ የጻፏቸውን ሪፖርቶች ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካሰፈሩት ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ሪፖርት በወር አንዴ ብቻ የሚጽፉ ከሆነ ሠላሳ ቀን ያንሳል፤ ሦስት ሪፖርት እስኪሞላ ይጠብቁ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከተሰረዙት ውስጥ ሁለተኛውን ያውጡ። ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ የሚቀየረው «ሲሆን» የሚለው ክፍል ነው፦ ከምሳ በኋላ አልሆን ካለ ጠዋት ኮምፒውተር ሲከፍቱ፣ ቢሮ አልሆን ካለ ወደ ሥራ ሲሄዱ መንገድ ላይ። ሁለት ጊዜ ቀይረው አሁንም ካልሠራ፣ ያን ጊዜ ሥራውን ራሱን ያሳንሱት፤ 15 ደቂቃው 5 ይሁን። የአሥራ አንደኛው ሴሚናር ማስታወቂያ እስከዚያ ቢመጣ ቀብድ አይክፈሉ።